ናሰንት ኢንተርፕርነር ማለት ምንድን ነው? (ሁሌ "ልጀምር ነው" የሚለው ጓደኛችሁ ይሆን?)

አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዞ "ቢዝነስ ልጀምር ነው" የማይል ሰው አለ እንዴ? ናሰንት የሚባለው ግን ሀሳብ ያለው ሁሉ አይደለም። ከ1999 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ብዙ ሀገር ላይ ጥናት የሚሰራው ግሎባል ኢንተርፕርነርሺፕ ሞኒተር እንደሚለው፣ ድርሻ የሚኖረውን ስራ ለማቆም በተግባር መንቀሳቀስ የጀመረ፣ ግን ለራሱም ቢሆን ከ3 ወር በላይ ደሞዝ ያልከፈለ ሰው ነው። ከዛ በኋላ እስከ 42 ወር ድረስ "አዲስ ቢዝነስ" ይባላል። እንግዲህ ጉዱ ያለው መንቀሳቀስ ከጀመረበት እስከዛ ሶስት ወር ደሞዝ ድረስ ባለው ክፍተት ነው።

የሚገርመው እዚህ ላይ ያለ ሰው ወይ ይሳካለታል ወይ ይተዋል ብላችሁ ብታስቡ ሶስተኛም አለ፣ አመታት ሙሉ "እየሞከርኩ ነው" የሚል። ካርተር፣ ጋርትነርና ሬይኖልድስ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1996 (አሁንም በፈረንጆቹ፣ ጥናቱ አሜሪካ ነው) ባወጡት ላይ፣ ስራቸው የቆመላቸው ሰዎች ነገሩን በአይን የሚታይ ያደረጉት ናቸው፣ እቃ የገዙ፣ ብር ያፈላለጉ፣ ድርጅቱን በህግ ያቋቋሙ። እየሞከሩ የቀሩት ደግሞ ሌላ ሰው በማያየው ዝግጅት ላይ የቆዩት፣ ብር መቆጠብና እቅድ ማውጣት ላይ።

እኛ ጋ ግን ይሄን እንዳለ ብትወስዱት ትከስራላችሁ ባይ ነኝ። ምክንያቱም አዲስ አበባ ላይ "የሚታይ ነገር" ሲባል መጀመሪያ የሚመጣልን ቤት መከራየት ነው፣ ከዛ የስድስት ወር ቅድሚያ፣ ከዛ ሴራሚክ፣ ከዛ የደረሰው እቁብ አለቀ፣ ከዛ ለቡና መግዣ ከዘመድ ብድር። እኔ ራሴ ካዛንቺስ አካባቢ በትንሽ ጁስ ቤት እንደዚህ ነው የገባሁት፣ ለሶስት ወር መንቀሳቀሻ የሚሆን ብር ሳይኖረኝ ግድግዳ ሳስቀባ ነበር (ቀለሙ ግን ቆንጆ ነበር)።

ስታዲየም አካባቢ ቢሮ ለቢሮ ምሳ የምታደርስ ጓደኛዬ ደግሞ ገና ቤት ሳትከራይ ከእናቷ ኩሽና አስር ሰሃን ሸጠች፣ አስራ አምስት ሆነ፣ ማን በሰዓቱ እንደሚከፍልና ማን "ወር ሲወጣ" እንደሚል አወቀች፣ ከዛ ነው ቲን ነምበርና ንግድ ፈቃድ ያለችው። በፊት ሆቴል ቤት ሰርታ ስለነበር ሽንኩርት ከአትክልት ተራ ስንት እንደሚገባ ማንም አይነግራትም፣ የስራ ልምድ የሚባለው እሱ ነው። ሁለታችንም በአይን የሚታይ ነገር ነበረን፣ የሷ ግን ደንበኛ ነው የኔ ሴራሚክ።