ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ፦ በኔፓል ተራሮች ላይ የነጻ ሕክምና ካምፖች

ኔፓሎች «ስዋስትያ ሺቪር» የሚሉት ነገር አለ። የጤና ካምፕ ማለት ነው። ሐኪሞችና ነርሶች መድኃኒታቸውን ይዘው ሆስፒታል ወደሌለበት መንደር ይሄዳሉ። ትምህርት ቤት ውስጥ ወይም ድንኳን ተክለው ለጥቂት ቀናት በነጻ ያክማሉ። ከዚያ ዕቃቸውን ሸክፈው ወደ ሌላ መንደር ይሻገራሉ።

ልማዱ የቆየ ነው። በተለይ በዓይን ሕክምና ስም አትርፈውበታል። ካትማንዱ ያለው የቲልጋንጋ የዓይን ተቋም መሥራች ዶክተር ሳንዱክ ሩዪት በዓይን ሞራ ለታወሩ ገበሬዎች ተራራ ድረስ እየሄዱ ቀዶ ሕክምና በመሥራት ይታወቃሉ። እሳቸውና አሜሪካዊው ዶክተር ጄፍ ታቢን ያቋቋሙት ድርጅት ኢትዮጵያ ውስጥም የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ዘመቻዎችን ይደግፋል። ስለዚህ እዚህ አገር ዓይናቸው የበራላቸው ሰዎች፣ ሳያውቁት፣ ከኔፓል ተራሮች ጋር ዝምድና አላቸው።

የካምፖቹ ትልቁ ፈተና የመጣው ግን በ2007 ዓ.ም. ነው። ሚያዝያ 17 ቀን (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 2015)፣ ቅዳሜ፣ በእኛ አቆጣጠር ለቀኑ 6 ሰዓት 4 ደቂቃ ሲቀረው፣ መጠኑ 7.8 የሆነ ርዕደ መሬት አገሪቱን መታ። መነሻው በጎርካ ወረዳ ባርፓክ መንደር አካባቢ ነበር። በኔፓል ቅዳሜ የዕረፍት ቀን ነው። ትምህርት ቤቶች ባዶ ስለነበሩ ብዙ ሕፃናት ተረፉ። በ17ኛው ቀን፣ ግንቦት 4፣ መጠኑ 7.3 የሆነ ሌላ መንቀጥቀጥ ተከተለ። ወደ 9,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ወደ 22,000 ሰው ቆሰለ። ወደ ግማሽ ሚሊዮን ቤት ፈረሰ። ብዙ ሰው የሞተው ሲንዱፓልቾክ በሚባለው ወረዳ ነው።

የገጠሩ ቤት ድንጋይ በጭቃ እየተለሰነ የሚሠራ ነው። ሲናወጥ ይናዳል። ጤና ኬላዎቹም ከዚህ ብዙም የተሻሉ አልነበሩም። በመንግሥት የጉዳት ግምገማ መሠረት 446 የመንግሥት ጤና ተቋማት ሙሉ በሙሉ ወድመዋል። ከእነዚህ ውስጥ 417ቱ የመንደር ጤና ኬላዎች ናቸው። ገበሬው በእግሩ ሄዶ የሚደርስባት፣ ልጁን የሚያስከትብባት፣ ሚስቱ የምትወልድባት ቤት የለችም ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይሏል። በመንደሩ ብዙ ጎልማሳ ወንድ አልነበረም። ኳታር፣ ዱባይ፣ ሳዑዲ ወይም ማሌዥያ ነው ያለው። በዓረብ አገር የሠራ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ኔፓላዊ የሥራ ባልደረባ አያጣም። በዚያ ሰሞን ስልክ ይዘው «መስመር አልገባም አለ» እያሉ ሲጨነቁ የነበሩት እነሱ ናቸው። እቤት የቀሩት ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ልጆች ነበሩ። ከሞቱትም የሚበዙት ሴቶች ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራ ቁስልና ስብራት ነበር። ቁስል ማጠብ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መስጠት፣ የተሰበረውን በጀሶ ማሰር፣ የከፋውን በሄሊኮፕተር ማስወጣት። ከካትማንዱ በስተ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው የዱሊኬል ሆስፒታል ቁስለኞችን ተቀበለ። ይህ ሆስፒታል በ1988 ዓ.ም. በማኅበረሰቡ ተሳትፎ የተቋቋመ ነው። ከርዕደ መሬቱ በፊትም በየገጠሩ የራሱ ትንንሽ ጣቢያዎች ስለነበሩት መንገዱንም ሰዉንም ያውቃል። ይህ ዕውቀት ያኔ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጥ ነበር ብዬ አምናለሁ። ከውጭ አገር ከ100 በላይ የሕክምና ቡድኖች መጥተዋል። ብዙዎቹ ሲደርሱ ግን ከባዱ ቀዶ ሕክምና በአገሬው ሐኪሞች እጅ ተጀምሮ ነበር።

ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ የካምፑ ሥራ መልኩን ይቀይራል። ጠዋት ሰልፉ ይጀምራል። ካርድ ይወጣል፣ ግፊት ይለካል፣ ሕፃን ይመዘናል። የሚመጣው ሰው ሳል፣ ተቅማጥ፣ የጨጓራ ሕመም፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያለበት ነው። የግፊትና የስኳር በሽተኞች መድኃኒታቸው ከእነ ካርዱ ፍርስራሽ ሥር ቀርቷል። እንቅልፍ ያጣም ብዙ ነው። መሬቱ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ደጋግሞ ስለተናወጠ ቤቱ ያልፈረሰበትም ሰው ውጭ ያድር ነበር። ለተቅማጥ እኛ «ለምለም» እንደምንለው ዓይነት፣ እነሱ «ጂቫን ጃል» የሚሉት ዱቄት አላቸው። የሕይወት ውሃ ማለት ነው።

ካምፑ ውስጥ መጋረጃ የተጋረደባት አንድ ጥግ መኖር አለባት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ስለ አደጋ ሲወራ ይህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይዘለላልና።

በኔፓል ገጠር የማሕፀን መውጣት ብዙ ሴቶችን የሚያሠቃይ ችግር ነው። ሴቶቹ እንጨቱንም ሣሩንም ዶኮ በሚባል ቅርጫት ይሸከማሉ። ቅርጫቱ ናምሎ በሚባል ማንገቻ ግንባራቸው ላይ ይንጠለጠላል። በልጅነት ይዳራሉ፣ ይወልዳሉ፣ አራስነታቸውን ሳይጨርሱ ወደ ሸክም ይመለሳሉ። ማሕፀን ይወርዳል። ሴቲቱ ታፍራለች፣ ለባሏም አትናገርም፣ ዓመታት ታሳልፋለች። ከርዕደ መሬቱ በኋላ ደግሞ ድንጋይና ቆርቆሮ ማመላለስ ተጨመረ። በተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ ድጋፍ፣ ክፉኛ በተጎዱት 14 ወረዳዎች የሥነ ተዋልዶ ጤና ካምፖች ይዘዋወሩ ነበር። ነፍሰ ጡሮች ይታያሉ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ይሰጣል፣ ማሕፀናቸው ለወረደ ሴቶች ቀለበት መሰል መደገፊያ ይገባል። ችግሩ የጠናባቸው ለቀዶ ሕክምና ሪፈር ይጻፍላቸዋል። አንዳንዷ ሴት ስለ ሕመሟ ለሐኪም ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። አደጋው ባይመጣ ድንኳኑም አይመጣም ነበር። ይህ እውነት ሳስበው ያሳዝነኛል።

ሴቶቹን ከየቤታቸው አሳምነው የሚያመጡት የመንደሩ የጤና በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ኔፓል ይህን ሥርዓት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ዛሬ ቁጥራቸው ወደ 50,000 ይጠጋል፤ ሁሉም ሴቶች ናቸው። ከእኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚለዩት የወር ደመወዝ ስለሌላቸው ነው። ቤታቸው ፈርሶ፣ የራሳቸውን ሐዘን ይዘው፣ ማን እርጉዝ እንደሆነች፣ ማን አልጋ ላይ እንደቀረ ለሐኪሞቹ ጠቆሙ። የሚጨበጨብላቸው ግን ከውጭ የመጡት ናቸው። ይህ ትክክል አይመስለኝም።

ካምፕ ጉድለትም አለው። የሦስት ቀን ካምፕ የግፊት መድኃኒት የአንድ ወር ቢሰጥ፣ በሁለተኛው ወር ምን ይዋጣል? እግሩ ውስጥ ብረት የገባለት ሰው፣ ብረቱን የሚያወጣለት ማን ነው? የመድኃኒት ዕርዳታም ጣጣ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ፣ የሚለገስ መድኃኒት ተቀባዩ አገር ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ እንዲኖረው ይላል። ጽሑፉም ተቀባዩ አገር ባለሙያ በሚረዳው ቋንቋ መሆን አለበት። በየአደጋው ይህ ይጣሳል። ደህና ካምፕ የሚለየው በቀላል ነገር ነው። አስቀድሞ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ያሳውቃል። የሕክምናውን ወረቀት በሽተኛው እጅ ላይ ይተዋል። ሪፈር የጻፈለትን ሰው ስም ለሆስፒታሉ ያስተላልፋል። አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎችን ለምሳሌ ሳንጋ የሚገኘው የማገገሚያ ማዕከል ከአልጋው ቁጥር በላይ ተቀብሏል። ለእነሱ ሕክምናው የወራትና የዓመታት ነበር።

የኔፓል ክረምት ከእኛው ጋር ይገጥማል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በዚያ ዓመት ዝናቡ የተሰነጠቀውን ተራራ እየናደ መንገድ ዘጋ። ስክራብ ታይፈስ የሚባል፣ በጥቃቅን ነፍሳት ንክሻ የሚተላለፍ ትኩሳት ተከሰተ። በቶሎ ከታወቀ በተራ አንቲባዮቲክ ይድናል፤ ካልታወቀ ይገድላል። ከዚያ በመስከረም ከሕንድ የሚገባው መንገድ ተዘጋ። አዲሱ ሕገ መንግሥት ባስነሳው ውዝግብ ሳቢያ እስከ የካቲት ድረስ ነዳጅና መድኃኒት እጥረት ሆነ። ካምፕ የሚሄድ መኪና ነዳጅ ፍለጋ ተሰለፈ።

ጥቅምት 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ደግሞ በምዕራብ ኔፓል ጃጃርኮት ላይ ሌላ መንቀጥቀጥ ደረሰ። ከ150 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ ተኝተው ነበር። ድንኳኖቹ ተመልሰው ተተከሉ። ብርዱ እየበረታ ሲሄድ ሸራ ሥር የከረሙ አራሶችና አዛውንቶች የሳንባ ምች ያሰጋቸው ጀመር። የፈረሱት ቤቶች አሁንም ድንጋይ በጭቃ የተሠሩ ነበሩ።