«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል»፦ ነገሩ ከባላው ወገን ሲታይ

ባላ ጫፉ ላይ ለሁለት የሚከፈል እንጨት ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮለት ይተከላል፤ በመንታው ላይ አግዳሚ ይጋደምበታል፤ ዳስም ሆነ ቆጥ ክብደቱን የሚጥለው በእርሱ ላይ ነው። ሥሩን ምስጥ ሊበላው፣ አፈሩም በዝናብ ሊላላ ስለሚችል በአንድ ባላ ብቻ የተማመነ ሰው አንድ ቀን ከነሸክሙ መሬት ላይ ይገኛል። የአነጋገሩ ምስል የተቀዳው ከዚህ ነው። «ቢሰበር» የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን ትከል፣ ቢነቀል፣ ተንጠልጠል ሲባል ቤት ስለሚመታ ለጆሮ የሚጥመው ይኸኛው ነው።

በመሠረቱ ምክሩ የጥንቃቄ ነው። ኑሮውን በአንድ ገቢ፣ ተስፋውን በአንድ ዘመድ ላይ ለጣለ ሰው ይነገራል፤ በዚህ አገባቡ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ወደ ፍቅር ሲዛወር ግን ችግር ይመጣል፤ አነጋገሩ የሚመክረው ተካዩን ብቻ ነውና፣ በፍቅር ደግሞ የሚተከለው ሰው ነው።

አንዲት ሴት ማታ «ናፍቀሽኛል» የሚል መልእክት ይደርሳታል እንበል። ስትመልስለት ሳምንቱን ሙሉ ድምፁ ይጠፋል፤ ተስፋ ቆርጣ ቁጥሩን ልታጠፋው ስትል ይደውላል። ሰው ፊት «ጓደኛዬ ናት» ብሎ ያስተዋውቃታል፤ ሌላ ወንድ ሲቀርባት ግን ፊቱ ይጠቁራል። እርሷም አንዲቱን ቃል እየመነዘረች፣ መልእክቷ ተነብቦ ያልተመለሰበትን ሰዓት እያሰላች ትከርማለች። (ሴቷ ተካይ፣ ወንዱ ባላ የሚሆንበት ጊዜም ያነሰ አይደለም።)

ይህን የሚያዩ ወዳጆች ብዙውን ጊዜ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላሉ፤ እኔ ግን አባባሉ እዚህ ላይ የሚገጥም አይመስለኝም። በሰማይ ያለች ላም አንድም ቀን አትታለብም፤ እንዲህ ያለው ተወዳጅ ግን አልፎ አልፎ ይሰጣል፣ የሚያስረውም ይኸው ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስኪነር በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአይጦችና በእርግቦች ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች እንደታየው፣ በእያንዳንዱ ሙከራው እህል ሲያገኝ የቆየ እንስሳ እህሉ ሲቀርበት ቶሎ ይተወዋል፤ መቼ እንደሚያገኝ ሳያውቅ አንዳንዴ ብቻ ያገኝ የነበረው ግን ከተቋረጠበት በኋላም ለረጅም ጊዜ መሞከሩን አይተውም። እንግዲህ ባላ ሆኖ የቆመን ሰው «ሞኝ» ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው።

የአነጋገሩ ትልቁ ምሥጢር ያለው «ቢነቀል» በሚለው ላይ ይመስለኛል። ተካዩ በሁለተኛው ባላ ላይ የሚንጠለጠለው የመጀመሪያው ሲነቀልበት ነው፤ እስከዚያው ድረስ ሁለተኛው እንዳይወድቅ ብቻ አልፎ አልፎ አፈሩ ይጠቀጠቅለታል። «ናፍቀሽኛል» የምትለው የማታ መልእክት ይህ ጥቅጠቃ ናት። ድንገት የሚመጣው ፍቅርም፣ ማለትም በየቀኑ መደወሉ፣ ስለ ነገ ማውራቱ፣ ሌላ ቦታ አንድ ነገር ከተነቀለበት ቀን ጋር ሲገጥም ይታያል፤ የመጀመሪያው ባላ እንደገና ሲቆም ደግሞ ያው ሰው ይቀዘቅዛል፣ እርሷም ጥፋቱን በራሷ ላይ ትፈልጋለች። ሁሉም ተካይ ተንኮለኛ ነው ለማለት አይደለም፤ የገዛ ልቡን የማያውቅ፣ ብቻውን መቅረትን የሚፈራም አለ። በባላው ላይ የሚያርፈው ክብደት ግን በሁለቱም ያው ነው።

ዛሬ አነጋገሩ ከምክርነቱ ይልቅ ለወቀሳ ሲውል ይሰማል፤ «ሁለት ባላ ተክለህ ነው እንዴ?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ለምን ታጣድፊኛለሽ?» ብሎ ይመልሳል። ይህ እሺም እምቢም አይደለም። እምቢ ማለት ባላውን በገዛ እጅ መንቀል ስለሚሆንበት፣ ተካዩ ቃሉን ከአፉ የሚያወጣበት ምክንያት የለውም፤ የእርሱን እምቢታ ሰምታ ለመሄድ የምትጠብቅ ሴትም የምትጠብቀው እርሱ ሊሰጣት ከቶ የማይጠቅመውን ነገር ነው።