ማይክ ሊች እና «ኤር ሬይድ» የተባለው አጨዋወት

ማይክ ሊች ኳስ በእጅ ተይዞና ተወርውሮ በሚጫወቱት የአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ማጥቃትን ሙያው አድርጎ የኖረ አሰልጣኝ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2022 በሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ዋና አሰልጣኝ ሆኖ 158 ጊዜ አሸንፎ 107 ጊዜ ተሸንፏል። ብሔራዊ ዋንጫ አላነሳም። ያም ሆኖ የዛሬዎቹ ቡድኖች ኳስ በአየር ስለሚያሻግሩበት መንገድ ሲወራ ስሙ አይቀርም።

በ1961 በካሊፎርኒያዋ ሱዛንቪል ተወልዶ ያደገው በዋዮሚንግ ግዛት፣ ኮዲ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ለትምህርት ቤቱ የፉትቦል ቡድን ተሰልፎ አያውቅም። ነገር ግን አሰልጣኙ ላቬል ኤድዋርድስ፣ ሌላው ሁሉ ኳስ ታቅፎ መሮጥን ሲመርጥ፣ ቡድናቸውን በውርወራ ሲያጫውቱ በቅርብ አይቷል። በ1986 ከፔፐርዳይን ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀ፤ ጥብቅና ግን አልሳበውም። በአነስተኛ ኮሌጆች በረዳትነት ጀምሮ በ1989 ፊንላንድ ድረስ ሄዶ የፖሪ ከተማን ቡድን አሰልጥኗል።

መንገዱን የለወጠው ከአሰልጣኝ ሃል መሚ ጋር መገናኘቱ ነው። መሚ የተረከበው የአዮዋ ዌስሊያን ኮሌጅ ቡድን በቀደመው ዓመት አንድም ጨዋታ ያላሸነፈ ቡድን ነበር። ሁለቱ ከዚያ ወደ ቫልዶስታ ስቴት፣ በ1997 ደግሞ ወደ ኬንታኪ አብረው ተሻገሩ። «ኤር ሬይድ» የሚባለው አጨዋወት የበሰለው በእነዚህ ዓመታት ነው።

ሐሳቡ ከድሃ ቡድን ችግር የመነጨ ነው። ግዙፍና ፈጣን ልጆችን ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ስለሚወስዷቸው፣ የቀረው ቡድን መሃል ለመሃል ቢጋፋ መሸነፉ አይቀርም። ስለዚህ አራት ተቀባዮች በሜዳው ስፋት ይበተናሉ፤ የፊት መስመር አጋጆችም እርስ በርስ ይራራቃሉ። ይህም ተከላካዮቹን ያሳሳል፤ ኳሱን የሚወረውረውን ተጫዋች፣ ኳርተርባኩን፣ ሊጥሉት የሚመጡትም ረዘም ያለ መንገድ እንዲሮጡ ያስገድዳቸዋል። «ሜሽ» በሚባለው ዋነኛ ስልት ሁለት ተቀባዮች ከተቃራኒ አቅጣጫ መጥተው ትከሻ ለትከሻ ሊነካኩ እስኪደርሱ ተጠግተው ይተላለፋሉ፤ የሚከተሏቸው ተከላካዮችም መንገድ ይዘጋጋሉ። ከሁሉ የሚገርመው የስልቶቹ ማነስ ነው። ሌሎች አሰልጣኞች መጽሐፍ የሚያክል የጨዋታ ዕቅድ ሲያስጠኑ፣ የሊች ልጆች ጥቂት ስልቶችን ሳይሰለቹ ደጋግመው ይለማመዱ ነበር። ኳርተርባኩም የተጋጣሚውን አሰላለፍ ቆሞ አይቶ የታዘዘውን የመቀየር ነፃነት ነበረው።

በ1999 የኦክላሆማ ማጥቃት ኃላፊ ሆኖ አንድ ዓመት ብቻ ሠራ። ከቴክሳስ ጋር በተደረገው ግጥሚያ የሐሰት የጨዋታ ዕቅድ ጽፎ ተጋጣሚዎቹ እንዲያገኙት ሜዳ ላይ አስጥሎ ነበር። ዘዴው ሠርቶ ኦክላሆማ 17 ለ 0 መራ፤ በመጨረሻ ግን 38 ለ 28 ተሸነፈ።

ቀጥሎ በቴክሳስ ቴክ አሥር የውድድር ዘመን ቆየ። በ2003 ኳርተርባኩ ቢ ጄ ሲመንስ 5,833 ያርድ (አንድ ያርድ 0.9 ሜትር ገደማ ነው) በውርወራ አስመዝግቦ ክብረ ወሰን ሰበረ። በኅዳር 2008 ማይክል ክራብትሪ አንድ ሰከንድ ሲቀር ባስቆጠራት ኳስ ቡድኑ በደረጃ አንደኛ የነበረውን ቴክሳስን 39 ለ 33 ረታ። ከዓመት ጥቂት ካለፈ በኋላ፣ በታኅሣሥ 2009፣ ጭንቅላቱ የተጎዳ ተጫዋች ላይ በደል ፈጽሟል ተብሎ ተሰናበተ። ክሱን አስተባብሎ ዩኒቨርሲቲውን ፍርድ ቤት ቢያቆምም፣ የመንግሥት ተቋም በገንዘብ ካሣ እንዳይከሰስ የሚከላከለው ሕግ አገደው።

በዋሽንግተን ስቴት የአጨዋወቱ ሁለት ገጽታ ጎልቶ ታየ። በ2014 ኮነር ሃሊዴይ በአንድ ግጥሚያ 734 ያርድ ወርውሮ ቡድኑ በካሊፎርኒያ 60 ለ 59 ተሸነፈ። በ2018 ደግሞ 11 ጨዋታ አሸንፈው የትምህርት ቤቱን ክብረ ወሰን አስመዘገቡ። የጎረቤት ተቀናቃኙ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ግን ሦስት ሰው ብቻ ወደፊት ልኮ ስምንቱን ወደኋላ በመተው ክፍት ቦታዎቹን ይዘጋበት ነበር። ሊች ከስምንት ግጥሚያ ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነው። ይህን እያየ አጨዋወቱን ብዙም አለመለወጡ፣ እንደ ብዙዎች ግምት፣ ትልቁ ድክመቱ ነው።

የመጨረሻ ቡድኑ ሚሲሲፒ ስቴት ነበር። በኅዳር 2022 ተቀናቃኙን ኦል ሚስን 24 ለ 22 ካሸነፈ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 12፣ በልብ ሕመም ምክንያት በ61 ዓመቱ አረፈ።

በእሱ ሥር ከተጫወቱትና ከሠሩት መካከል ሊንከን ራይሊ፣ ጆሽ ሃይፕል፣ ሰኒ ዳይክስና ክሊፍ ኪንግስበሪ ዋና አሰልጣኝ ሆነዋል። ኪንግስበሪም በተራው በቴክሳስ ቴክ፣ በኋላ የፕሮፌሽናል ፉትቦል ኮከብ የሆነውን ኳርተርባክ ፓትሪክ ማሆምስን አሰልጥኗል። የኮሌጅ ፉትቦል የዝና አዳራሽ ከአሰልጣኞች 60 በመቶ ድል ይጠይቅ ስለነበር፣ 59.6 በመቶ የነበረው ሊች ለጥቂት ከዕጩነት ውጭ ነበር። በ2025 መስፈርቱ ከ2027 ጀምሮ ወደ 59.5 ዝቅ እንዲል ተወስኗል።