የአንጎል መናወጥ (ኮንከሽን) ምንድን ነው?

ኳስ በግንባር ለመምታት የዘለሉ ሁለት ተጫዋቾች ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጩ እንበል። አንደኛው ብድግ ብሎ "ደህና ነኝ" አለና ጨዋታውን ቀጠለ። ጥቂት ቆይቶ "ስንት ለስንት ነን?" ሲል ጠየቀ፤ ተነገረው። ብዙም ሳይቆይ ያንኑ ጥያቄ ደገመው። ይህ ልጅ ደህና አይደለም፤ አሁኑኑ ከሜዳ መውጣት አለበት።

አንጎል በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከቦ ይኖራል። ጭንቅላት በድንገት ሲናጥ አንጎልም አብሮ ይናጣል፤ የነርቭ ሴሎችም ሥራ ለጊዜው ይዛባል፤ የአንጎል መናወጥ የሚባለው ይህ ነው። ለዚህ ደግሞ ጭንቅላት የግድ መመታት የለበትም፤ አካልን መትቶ ራስን በኃይል ያወዛወዘ ግጭትም ይበቃል። የሚዛባው አሠራሩ ስለሆነ በሲቲ ስካን (የጭንቅላትን ውስጥ በራጅ በሚያሳይ ምርመራ) ብዙ ጊዜ ምንም አይታይም። ምርመራው የሚታዘዘው ደም መፍሰስ ወይም ስብራት እንዳለ ለማየት ነው።

"ራሱን አልሳተም፣ ስለዚህ ምንም አልሆነም" የሚለው አባባል ብዙ ሰው ጎድቷል። አብዛኞቹ ተጎጂዎች ራሳቸውን አይስቱም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃንና ድምፅ መጥላት፣ መፍዘዝ፣ ያለ ምክንያት መነጫነጭ፣ የእንቅልፍ መዛባት ይታይባቸዋል። አንዳንዱ ምልክት ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግስቱ ብቅ ይላል።

ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ሰውነቱ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ፣ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል መውሰድ ነው።

ቀድሞ ምክሩ ጨለማ ክፍል ውስጥ ለቀናት መተኛት ነበር፤ ዛሬ ግን ይህ አይመከርም። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ረገብ ብሎ ማረፍና ስልክና ቴሌቪዥን መቀነስ፣ ከዚያ ምልክቱን በማያባብስ መጠን በእግር መንቀሳቀስ ይሻላል። ሐኪም ካየው በኋላ መተኛትም ችግር የለውም። አልኮል ግን አይነካም፤ መኪናም አይነዳም። አዋቂዎች በአብዛኛው በሁለት ሳምንት፣ ልጆች በአራት ሳምንት ውስጥ ያገግማሉ።

ተማሪ ከሆነ ወደ ስፖርት ከመመለሱ በፊት ወደ ትምህርቱ መመለስ ይቀድማል። ወደ ሜዳ የሚመለሰው በደረጃ ነው፦ ቀላል እንቅስቃሴ፣ ሩጫ፣ ንክኪ የሌለበት ልምምድ፣ ከሐኪም ፈቃድ በኋላ ሙሉ ልምምድ፣ በመጨረሻም ጨዋታ። በየደረጃው ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆያል፤ ምልክቱ ከተመለሰ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይላል። ሳይድን ሁለተኛ ከተመታ አንጎሉ በፍጥነት ሊያብጥ ይችላል። ይህ ከስንት አንዴ የሚያጋጥም ቢሆንም ወጣቶችን ገድሏል።