የወንበዴዎቹ ዘር ምን ነበር?

አንድ ሰው የብዙ ሰው ገንዘብ ይዞ ጠፋ የሚል ዜና ሲወጣ ከሥሩ የሚጻፈውን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ስንት ሰው ተበላ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ቀድሞ የሚመጣው «የአባቱ ስም ማነው?» ነው። ቀጥሎ «የአያቱስ?» ብሔሩን ከስሙ ለማውጣት ነው እንግዲህ። ስሙ የሙስሊም ከሆነ ደግሞ ማዕተብ ያሰርነው እኛው ስድቡን እንጀምራለን። በጣም የሚያሳዝነኝ፣ ይህን ከሚጽፉት ብዙዎቹ እሑድ አስቀዳሾች መሆናቸው ነው።

ወገኖቼ፣ ሉቃስ 10ን ክፈቱ። ሰውየው ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ በወንበዴዎች እጅ ወደቀ ይላል። ገፈፉት፣ ደበደቡት፣ ትተውት ሄዱ። የማን ዘር ናቸው? ጌታ አልነገረንም። አይሁድ የሚንቋቸው ሳምራውያን ናቸው ቢል ኖሮ እኮ አይሁድ የሆኑት ሰሚዎቹ በሙሉ «ድሮስ!» ይሉ ነበር። እንዲያውም አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ የሳምራውያን መንደር አልቀበልም ስላለው ያዕቆብና ዮሐንስ እሳት ከሰማይ ይውረድ ብለው ነበር። ከዚያም በኋላ እንኳ ጌታ ለወንበዴዎቹ ዘር አልሰጣቸውም። ማንነት ጭራሽ አላነሣም ማለት ግን አይደለም። ካህኑን ካህን፣ ሌዋዊውን ሌዋዊ ብሎታል። እነዚህ የሰሚዎቹ የገዛ ቤት ሰዎች ናቸው፤ አይተው ገለል ብለው ማለፋቸውን ሳይሸፍን ነገራቸው። የሌላውን ወገን ስም የጠራው ሳምራዊው የተደበደበውን ሰው ቁስል ሲያስርለት ነው። እኛ ገልብጠን ይዘነዋል።

«ታዲያ ማንነት አይነሣ?» ትሉኝ ይሆናል። የሚነሣበት ጊዜ አለ። የብዙ ሰው ገንዘብ የበላው አሜሪካዊ አጭበርባሪ በርናርድ ማዶፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲያዝ፣ እሱም ከተበሉትም ብዙዎቹ አይሁድ ነበሩ። የኤሊ ቪዘል በጎ አድራጎት ድርጅት ብቻውን 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አጥቷል፤ ቪዘል ደግሞ ከናዚ ማጎሪያ የተረፈ ሰው ነው። ይህን ካልተናገርን ማጭበርበሩ እንዴት እንደሠራ አይገባንም፤ ብዙ በር የከፈተለት «የኛ ሰው ነው» የሚለው እምነት ነበርና። ይህንኑ ይዘው ግን አይሁድን በጅምላ ሌባ ያሉ ነበሩ፣ የተዘረፉትን ጭምር! 150 ዓመት እስራት የተፈረደው በማዶፍ ላይ እንጂ በዘሩ ላይ አይደለም።

እና በእኛ ማኅበር መስቀል ይዞ፣ በእመቤታችን እየማለ ብር የሰበሰበ ካለ እንደዚያው ብላችሁ ተናገሩ። የቤተ ክርስቲያን ስም ይጎድፋል ብላችሁ አትሸፍኑት፤ ነገ ሌላ እናት በዚያው መሐላ ትበላለች። ሌባው ከሌላ ሃይማኖት ወይም ብሔር ሲሆን ደግሞ ሥራውን ተናገሩ። ብሔሩን ወይም ሃይማኖቱን ማታለያ ካላደረገው ምን ይሠራላችኋል? «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» የተባልነው እኮ ለአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ምንም ያልነካን ሕዝብ ከሌባ ጋር መቁጠር የሐሰት ምስክርነት ነው፤ ንስሐ የሚያስፈልገው ኃጢአት ነው።

የተበሉትስ? ሳምራዊው ወንበዴዎቹን ሲያሳድድ አልዋለም። ዘይትና ወይን አፈሰሰለት፣ በገዛ አህያው ጫነው፣ ለእንግዳ ቤቱ ጠባቂ ሁለት ዲናር ከፈለ፣ ተጨማሪ ከከሰርክም ስመለስ እከፍልሃለሁ አለው። የልጆቿን የትምህርት ቤት ክፍያ ለአጭበርባሪ አስረክባ፣ አፍራ ከጽዋ ማኅበር የቀረች እኅት በየአጥቢያችን አትጠፋም። «ማን እመኚ አላት?» ብለን አንለፋት። ሄደን እንጠይቃት። ለመስከረም የሚጎድላትን እናዋጣላት፤ ፖሊስ ጋ ሄዳ ቃሏን ስትሰጥም አንዳችን አብረናት እንቀመጥ።