ባንኮክ ላይ ጿሚ ይራባል ያለው ማነው?

ለመጀመሪያ ጊዜ ባንኮክ ሊሄድ የተነሳ ሰው ሲያገኘኝ ጥያቄው ስለ ማደሪያም ስለ መንገድም አይደለም። "እዚያ ምን እበላለሁ?" ነው። ጾም ከሆነማ ጭንቀቱ እጥፍ ነው። የአንድ ወዳጄ የጀርባ ቦርሳ ተከፍቶ ሳየው ግማሹ ሽሮ፣ ድርቆሽና በሶ ነበር። ለልብስ ቦታ አልተረፈም። በዚያ ሙቀት ያን ሁሉ ተሸክሞ ሊዞር! ባንኮክ ጿሚ ይራባል የሚለው ወሬ ስለሰለቸኝ ነው የምጽፈው። መጀመሪያ ግን ስለ ከተማዋ የሚወሩትን ትንንሾቹን ወሬዎች ልጨርስ።

"ሰዎቹ የሚበሉት ነፍሳት ነው።" የሚበሉት ሩዝ ነው። ጠዋትም፣ ማታም። የተጠበሰ ፌንጣ መክሰስ ነው። በእንጨት የተሰካውን ጊንጥ የምታዩት ደግሞ ካኦ ሳን መንገድ ላይ ሲሆን ሻጮቹ የሚጠብቁት ቱሪስቱን ነው።

"በረዶ ያለበት ነገር አትንኩ።" የቧንቧውን ውሃ አትጠጡ፣ እሱ ልክ ነው። መሃሉ ቀዳዳ ያለው ድብልብል በረዶ ግን ከፋብሪካ ነው የሚመጣው።

"ከኤርፖርት ያለ ታክሲ አይወጣም።" የሱቫርናቡሚ ኤርፖርት ምድር ቤት ውስጥ ባቡር አለ። እስከ መጨረሻው ጣቢያ፣ እስከ ፓያ ታይ፣ 45 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ነው፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ልብስ ልትገዙ ፕራቱናም የምታርፉ ራቻፕራሮፕ ጣቢያ ላይ ውረዱ። እኩለ ሌሊት አካባቢ ስለሚቆም ከዚያ በኋላ ከደረሳችሁ ታክሲ ያዙ፣ ሂሳብ የሚቆጥረውን ሜትርም እንዲከፍት ንገሩት።

"ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ዝግ ነው።" ቱሪስት የሚጎበኘውን ታላቁን ቤተ መንግሥት ማለቱ ነው። ይሄን የሚነግራችሁ መንገድ ላይ የቆመ፣ አዛኝ የሚመስል ሰው ነው። ቀጥሎ ርካሽ ቱክቱክ (ባጃጅ) ያመጣላችሁና የከበረ ድንጋይ መሸጫ ለመሸጫ ስትዞሩ ትውላላችሁ። አትስሙት፣ በሩ ድረስ ሄዳችሁ ራሳችሁ እዩ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስም ልበሱ።

አሁን ወደ ዋናው። "ባንኮክ ለጿሚ የሚሆን ምግብ የለም።"

ወሬው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሰው ከማደሪያው ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው የተሰቀለ አሳማና ዳክዬ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሽሪምፕ ነው። ደንግጦ ሬስቶራንት ይገባና "ቬጀቴሪያን ነኝ" ይላል። የሚመጣለት ሩዝ ላይ እንቁላል ተጠብሶ ተቀምጧል። ያልተግባቡት ጿሚ ቬጀቴሪያን ስላልሆነ ነው፤ እዚያ ቬጀቴሪያን የሚባለው እንቁላልም ወተትም ይበላል። እንቁላሉን ቢያስነሳ እንኳ አትክልቱ የዓሣ ሶስ ወይም የኦይስተር (የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳ) ሶስ ገብቶበት ነው የተቆላው። ሰላጣ መስሏችሁ የምታዙት የጥሬ ፓፓያ ሶም ታም እንኳ የዓሣ ሶስ አለበት፣ ብዙ ጊዜም ደረቅ ሽሪምፕ። ሰውዬው አገሩ ሲመለስ "በረሃብ አለቅኩ" ይላል፣ እኛም እናምነዋለን።

መጠየቅ ያለባችሁ "ጄ" ነው። ከቻይና የመጣ የቡድሂስቶች ሥርዓት ነው። ሥጋ የለ፣ ዓሣ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት ጭምር የለም። በዚህስ ከእኛ ይጠብቃል! ምልክቱ በቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ ነው። ስልካችሁ ላይ ምስሉን ፈልጋችሁ አስቀምጡና ሻጩን አሳዩት፣ ቋንቋ አያስፈልግም። በጥቅምት አካባቢ ለ9 ቀን በዓላቸው ሲሆን ያዋራት፣ የቻይኖቹ ሰፈር፣ በዚህ ባንዲራ ቢጫ ይለብሳል። በሌላው ጊዜ ደግሞ በየሰፈሩ ትንንሽ የጄ ቤቶች አሉ።

እኔ የምወዳት አንዲት ከፕራቱናም ብዙ የማትርቅ፣ ቅያስ ውስጥ ያለች ቤት ናት። መስታወቱ ስር ትሪዎች ተደርድረዋል፦ የእንጉዳይ ወጥ፣ ቶፉ (የአኩሪ አተር እርጎ መሰል)፣ የተቆላ ጎመን፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ ካሪ። በጣት ትጠቁማላችሁ፣ ሴትዮዋ ሩዙ ላይ ሁለት ዓይነት ትጨልፍላችኋለች። 50 ባት ገደማ። የኮኮናቱን ካሪ የቀመሰች አንዲት እህታችን፣ በሁዳዴ ለንግድ የመጣች፣ ቅቤ የገባበት መስሏት ማንኪያውን አስቀምጣ ነበር። ትሪው ላይ ያለውን ቢጫ ምልክት ካሳየኋት በኋላ ደግማ አስጨለፈች።

ልብ በሉ፣ ብዙዎቹ ቤቶች ከምሳ በኋላ ይዘጋሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ በዚህ እንዳትጎዱ። ቀደም ብላችሁ ሂዱና አስቋጥሩ። ወጡን በላስቲክ ከረጢት ሞልተው በጎማ ጥፍር አድርገው ይሰጧችኋል፣ ቦርሳ ውስጥ ቢገባም አይፈስም። የግድ ከሆነባችሁ በየመንገዱ ሰቨን ኢለቨን የሚባለው ሱቅ አለ፣ የጄ ምልክት ያለበት ጥቅል ምግብ ይሸጣል። የአኩሪ አተር ወተት ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ፣ አንዳንዱ የላም ወተት ዱቄት ይቀላቀልበታል። እዚህም ምልክቱን እዩ። ማንጎ በሩዝ ያለ ሥጋት ብሉ፤ ሩዙ የሚታሸው በኮኮናት ወተት፣ በስኳርና በጨው ነው። ጥቅል ስታነሱ ደግሞ የማብቂያው ዓመት 2500ዎቹ ውስጥ ቢሆን አትደናገጡ፣ የቡድሂስት አቆጣጠር ከፈረንጆቹ በ543 ዓመት ይቀድማል።

ሙስሊም ወንድሞችና እህቶችም "ሐላል የለም" ሲባሉ እሰማለሁ። ሱኩምቪት ላይ ናና አካባቢ ያለው የአረቦች ሰፈር ሂዱ፣ ሐላል ቤት ሞልቷል።

ስለዚህ ሽሮውን አውጡት። ለአመል ትንሽ በሶ ያዙ፣ በቃ።

አንድ የቀረኝ፣ "ቢጫ ካርድ (የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ) ማንም አይጠይቅም" የሚሉት አለ። ይጠየቃል። ታይላንድ የቢጫ ወባ ክትባት ከምትጠይቃቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ክትባቱን ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት ተከተቡ። ሱቫርናቡሚ ስትደርሱ ከኢሚግሬሽኑ ሰልፍ በፊት የጤና ቁጥጥር ዴስክ ሂዱና ካርዳችሁን አሳዩ። ይሄን ሳያደርጉ ረጅሙን ሰልፍ ጨርሰው እንደገና የተመለሱ ሰዎች አይቻለሁ። ካርዱን ሻንጣ ውስጥ አታስገቡት፣ ፓስፖርታችሁ ውስጥ ይሁን።