የኤልአር ተንታኝ ሰንጠረዥና አሻግሮ ማየት

የኤልአር ተንታኝ የፕሮግራምን ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ወደ ኋላ ሳይመለስ አንብቦ በሰዋስው ሕግ የሚያዋቅር ስልት ነው። ዶናልድ ክኑዝ እ.ኤ.አ. በ1965 አቀረበው። በባሕር ዳር ፖሊ ግቢ የኮምፓይለር (የፕሮግራምን ጽሑፍ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም) ትምህርት ለሚከታተል አማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም፤ «ልጁ ዓሣ…» የተባለ እንደሆነ «ሸጠ» ይከተል ወይስ «የሸጠውን ሰው አየ» እስኪለይ ድረስ ቃላቱን ይዞ መቆየት ጆሮው ለምዶታል። ተንታኙም ያነበበውን በቁልል ላይ፣ ማለትም አንዱ በሌላው ላይ በሚደረደርበት ማስቀመጫ፣ ያኖራል፤ ሐረጉ ሲሞላ በሕጉ ስም ይጠቀልለዋል።

መቼ ማኖር፣ መቼ መጠቅለል እንዳለበት የሚነግረው አስቀድሞ የተሠራ ሰንጠረዥ ነው። ተንታኙ ያለበት ሁኔታ (እስካሁን ካነበበው የሚያስታውሰው) እና ቀጣዩ ቃል በሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ ከአንድ በላይ ትእዛዝ ከገባ ግጭት ይባላል።

የጣና ጀልባ መዝገብ እናስብ። «ባሕር ዳር ጀልባ ባሕር ዳር» ደርሶ መልስ ነው፤ «ባሕር ዳር ጀልባ ጎርጎራ» መሄጃ ብቻ። በሰሜኑ ዳርቻ ከጎርጎራ ለሚነሣውም እንዲሁ። ሰዋስው «ጀልባ» የሚለውን ቃል ከሁለቱ በአንዱ ስም እንዲጠቀለል ያዛል። የክኑዝ ሙሉ ሰንጠረዥ ለሁለቱ መነሻዎች ሁለት የ«ጀልባ» ሁኔታዎች አሉት፤ ቀጣዩ ቃል «ባሕር ዳር» ከሆነ በአንደኛው ደርሶ መልስ፣ በሌላኛው መሄጃ ይባላል። አንድ ቃል አሻግሮ ማየት በቂ ነው።

ዋጋው ግዝፈት ነው። ለፓስካል ዓይነት የፕሮግራም ቋንቋ ሁኔታዎቹ ሺዎች ይሆናሉ። ፍራንክ ዲሬመር እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረበው ኤልኤኤልአር፣ ከሚጠበቀው ቀጣይ ቃል በስተቀር በሁሉ ነገር አንድ የሆኑትን ሁኔታዎች አዋሕዶ ቁጥራቸውን ወደ መቶዎች ያወርዳል። በእኛ መዝገብ ግን ሁለቱ የ«ጀልባ» ሁኔታዎች አንድ ሲሆኑ ጉዞው ከየት እንደተነሣ ይጠፋል፤ «ባሕር ዳር» ሲመጣ ሁለት የመጠቅለል ትእዛዞች ይፋጠጣሉ። ግጭት ባዩ ቁጥር ሰዋስውን የሚወቅሱ ብዙዎች ናቸው፤ እዚህ ግን ሰዋስው ንጹሕ ነው፣ ያጣላቸው ውሕደቱ ነው። ደግነቱ ውሕደት በማኖርና በመጠቅለል መካከል አዲስ ግጭት አይፈጥርም።

ሰዋስው ራሱ አሻሚ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ሁለት «ከሆነ» ተደራርበው አንድ «አለዚያ» ብቻ ሲከተል የማንኛው እንደሆነ የቱንም ያህል አሻግሮ ማየት አይፈታውም፤ ያክ የተባለው፣ ከሰዋስው ተንታኝ የሚሠራ መሣሪያ ማኖርን መርጦ ለቅርቡ «ከሆነ» ይሰጠዋል። የጀልባው ግጭት ግን መላ አለው፦ ባይሰን የተሰኘው መሣሪያ ካልታዘዘ ኤልኤኤልአርን ይሠራል፤ ሙሉውን ሰንጠረዥ እንዲሠራ ሲታዘዝ ያው ሰዋስው ያለ አንድ ግጭት ያልፋል።